ባሕሩ ከፍ እያለ መሆኑን ለዳርቻ ነዋሪዎች እንዴት እንንገር?

ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ሃያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን መታ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ ነበር። «ስቶርም ሰርጅ ይመጣል» ተብሏል። ታክሎባን ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ቃሉን ሰማ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባውም። ከባድ ነፋስ ነው ብሎ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠው ብዙ ነው። የመጣው ነፋሱ ገፍቶ ያመጣው ባሕር ነበር፤ ቁመቱ ከአንድ ፎቅ በላይ። በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። ከተረፉት ብዙዎቹ በኋላ ሲጠየቁ፣ እንደ ሱናሚ ያለ ውሃ ነው ቢባሉ ኖሮ እንደሚሸሹ ተናግረዋል።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። መረጃው ነበር። ሰዎቹም ነበሩ። መሃል ላይ የጠፋው የሚገባ ቃል ነው።

የባሕር ጠለል መጨመር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ሳይረን የለውም። በዓመት የሚጨምረው በሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የምንነግረው ሰው «እሺ፣ ታዲያ ዛሬ ምን ላድርግ?» ቢለን እውነቱን ነው። ይህ መመሪያ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ፣ በጎ ፈቃደኛ፣ መምህር ወይም ጋዜጠኛ ሆኖ በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር ላለበት ሁሉ ነው። ዋናው ሥራ አንድ ነው፦ ቁጥሩን ከዓለም ካርታ ላይ አውርዶ እስከ ሰውየው ደጃፍ ማድረስ።

1. ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁ

መጀመሪያ ፕሮጀክተር ይዛችሁ አትሂዱ። ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ከአንድ አሮጌ ዓሣ አጥማጅና አካባቢውን በደንብ ከምታውቅ አንዲት እናት ጋር ዳርቻውን በእግራችሁ ዙሩ። እነዚህን ጠይቁ፦

– በሕይወትዎ ውሃው የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ የቱ ነው? ያሳዩኝ።
– ድሮ ውሃ የማይገባበት፣ አሁን ግን የሚገባበት ቦታ አለ?
– የጉድጓዱ ውሃ ጣዕሙ ተቀይሯል?
– ውሃ የመጣ ቀን መጀመሪያ የሚደውሉት ለማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። መልሱ የአካባቢው ሰው ማንን እንደሚያምን ይነግራችኋል። ኋላ መልእክቱን የሚያደርሰው ያ ሰው ነው።

ስትዞሩ ዐይናችሁን ክፈቱ። ዝናብ ሳይዘንብ መንገዱ የሚረጥብ ከሆነ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ቱቦው ውሃውን መልሶ የሚተፋ ከሆነ፣ ዛፎች ከሥራቸው በጨው እየደረቁ ከሆነ፣ ጉዳዩ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። በሙሉና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን የፀሐይና የጨረቃ ስበት ስለሚደመር የባሕሩ ሙላት ከወትሮው ከፍ ይላል። ባሕሩ በአጠቃላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ከጨመረ ደግሞ ያው ሙላት ድሮ የማይነካውን መንገድ ይነካል። ሰዎቹ ይህን አይተውታል። ስም ብቻ ነው ያልሰጡት። ንግግራችሁን ከዚያ ከጀመራችሁ ማንም «ወሬ ነው» አይላችሁም።

2. የዓለሙን ሳይሆን የቦታውን ቁጥር ያዙ

ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከ2006 እስከ 2018 ደግሞ በየዓመቱ 3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ጨምሯል፤ ፍጥነቱ ካለፈው ክፍለ ዘመን አማካይ እጥፍ በላይ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። የብስ ላይ ያለ በረዶ ደግሞ ቀልጦ ወደ ባሕር ይገባል።

ይህ አማካይ ግን የማንም ሰፈር ቁጥር አይደለም። በሰሜን ጃካርታ አንዳንድ ቦታዎች ሰው የከርሰ ምድር ውሃ አብዝቶ ስለሚስብ መሬቱ ራሱ በዓመት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሰመጠበት ጊዜ ነበር። እዚያ ያለ ሰው የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው። በተቃራኒው በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ መሬቱ ከጥንቱ የበረዶ ክብደት ተላቅቆ እስካሁን ቀና እያለ ስለሆነ፣ ባሕሩ የሚሸሽ ይመስላል። የዓለሙን አማካይ ይዛችሁ ሁለቱም ቦታ ብትሄዱ ሁለቱም ቦታ ትሳሳታላችሁ።

የወደብ አስተዳደርን፣ የሜትሮሎጂና የካርታ መሥሪያ ቤትን፣ በቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲን ጠይቁ። ናሳም የአይፒሲሲን (የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነልን) ትንበያ የባሕር ከፍታ በሚለካባቸው ቦታዎች ለይቶ የሚያሳይ ነፃ ድረ ገጽ አለው።

አንድ ነገር አደራ። ቁጥሩ «ከየት ጀምሮ» እንደተቆጠረ እወቁ። የአይፒሲሲ ትንበያ የሚነሳው ከ1995–2014 አማካይ ነው። ስለዚህ ከጭማሪው የተወሰነው ካሁኑ ሆኗል። የመሬት ቅየሳ ዜሮና የወደብ የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ ዜሮም (ከፍታ መቆጠር የሚጀምርበት ነጥብ) አንድ አይደሉም። ሁለቱን ያምታታ ሰው የአንዱን ቤት ከፍታ በብዙ ሴንቲሜትር ያዛባል። ነዋሪው ያንን አንድ ስሕተት ካገኘ ሌላውን ሁሉ አያምናችሁም።

3. ቁጥሩን ወደ ጉልበት፣ ወደ ልጅ ዕድሜና ወደ ጠጠር ለውጡት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ከፍታ። «0.3 ሜትር» ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። «እስከ ጉልበትዎ በታች» ግን ይታያል። ከዚያ ውሃው ምን እንደሚያደርግ ጨምሩበት። 15 ሴንቲሜትር የሚሆን በኃይል የሚፈስ ውሃ ዐዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲሜትር አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል።

ጊዜ። በ2100 ማንም አይጨነቅም፤ ልክም ነው። ይልቅ ሰውየው ራሱ የሚቆጥረውን ጊዜ ፈልጉ። አሁን የተሠራው ጣራ ስንት ዓመት ይቆያል? የባንክ ብድሩ የሚያልቀው መቼ ነው? ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባችው ልጅ ጎጆ ስትወጣ ይህ መንገድ ምን ይመስላል? ትንበያውን በነዚህ ላይ አስቀምጡት።

ዕድል። ከሁሉም ክፉኛ የሚያሳስተው «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለው አባባል ነው። ሰው ሲሰማው «አምና መጥቷል፣ እንግዲህ 99 ዓመት እፎይ» ይላል። እውነተኛ ትርጉሙ ግን በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። አምና መምጣቱ ዘንድሮን አይከለክለውም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን በቃል ከመናገር ማሳየት ይሻላል። ስብሰባውን በቡድን ክፈሉ። ለየቡድኑ አንድ ከረጢት ስጡ። ውስጡ 99 ነጭና 1 ቀይ ጠጠር ይኑር። አንድ ሰው ሳያይ አንድ ጠጠር ያወጣል፣ ያሳያል፣ ይመልሳል፤ ይህ አንድ ዓመት ነው። 30 ጊዜ ይደገም። ዙሩ ሲያልቅ በአማካይ ከአራት ቡድን አንዱ ቀይ አውጥቷል። መጀመሪያ ላይ ይሳቃል፣ ይቀለዳል። ቀይ ያወጣው ቡድን ጋ ግን ዝም ይባላል።

አሁን በየከረጢቱ 4 ነጭ አውጡና 4 ቀይ ጨምሩ። «ባሕሩ ከፍ ሲል የሚሆነው ይኸው ነው። አውሎ ነፋሱ ባይብስም፣ ከረጢቱ ውስጥ ቀይ ይበዛል» በሉ። 30 ዙር ድገሙት። አሁን ከአራት ቡድን ሦስቱ ገደማ ቀይ ያወጣሉ። አይፒሲሲ በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ድሮ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው ከፍተኛ የባሕር ሙላት በ2100 ልኬት ካለባቸው ቦታዎች ከግማሽ በሚበልጡት በየዓመቱ እንደሚመጣ ገምቷል። ያንን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ብታነቡላቸው ማንም አያስታውሰውም። ከጠጠሩ በኋላ ግን ይገባል።

4. የማይታወቀውን አትደብቁ

ሰው «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም» የሚለው ቁጥሩ ሰፊ ስለሚመስለው ነው። በሁለት ክፈሉለት።

እስከ 2050 ያለው ጠባብ ነው። ዓለም ልቀቱን (አየሩን የሚያሞቀውን ጋዝ) በጣም ቢቀንስም፣ በጣም ቢያበዛም፣ የሚጠበቀው የዓለም አማካይ ጭማሪ ከ15 እስከ 29 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ነው። ለዚህ መዘጋጀት አከራካሪ አይደለም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ልቀት በጣም ከቀነሰ በ2100 ከ28 እስከ 55 ሴንቲሜትር፤ በጣም ከጨመረ ከ63 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር። የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ እንዴት እንደሚፈርስ ገና በደንብ ስላልታወቀ ወደ 2 ሜትር መጠጋቱም ከነጭራሹ አይወገድም። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ለማስፈራሪያ አታውጡት። አትደብቁትም። «ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ሆስፒታልና የኃይል ማመንጫ የሚሠራ ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል» ብሎ በቦታው ማስቀመጥ ነው።

ባጭሩ እንዲህ በሉት፦ መጨመሩ አያጠራጥርም፤ የሚያከራክረው ፍጥነቱ ነው።

5. መስመሩን ግድግዳ ላይ አስምሩ

ካርታ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ካርታ ላይ የሚያየው ሰፈሩን ሳይሆን ቀለም ነው። ከዚህ የተሻለ፣ ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሙሉበት። የሚጠበቀው የውሃ ከፍታ በባለሙያ ተለክቶ ምልክት የተደረገበት ምሰሶ ጋ አንድ ሰው አንዱን ጫፍ ይይዛል። ሌላው ሁለተኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ውሃው ቱቦው ውስጥ ይወዛወዛል። ትንሽ ይጠበቃል። ይረጋል። በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ቤቱ ከምሰሶው ከራቀ መሃል ላይ ምልክት እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ተሻገሩ።

መስመሩን እናንተ አታስምሩት። ጠመኔውን ለቤቱ ባለቤት ስጡ። ሴትየዋ በሩ ላይ ታሰምራለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትላለች። መስመሩ ከታችኛው ማጠፊያ በላይ ነው። ወደ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን ታያለች። «ሶኬቱ ከሥር ሆነ» ትላለች። እናንተ ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ አንድ ቃል አልተናገራችሁም። እሷ ግን ፍሪጁን ወዴት እንደምታዛውር ማሰብ ጀምራለች።

አንድ ሐቅ ግን ንገሯት፦ መስመሩ የረጋ ውሃ ከፍታ ነው። ሞገድ ሲጨመርበት ከዚያ በላይ ሊረጭ ይችላል፤ መሃል ላይ ግንብ ወይም ከፍ ያለ መንገድ ካለ ደግሞ ውሃው ላይደርስ ይችላል።

ካርታ የግድ ከሆነ ሦስት ነገር አስቡ። ለየትኛው ዓመትና ለየትኛው የልቀት መጠን እንደሆነ በትልቁ ይጻፍበት። ሰው የሚያውቃቸው ነገሮች፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ ድልድዩ፣ ይታዩበት። የከፍታ መረጃው ከየት እንደመጣ ይጣራ፤ በነፃ የሚገኙ የሳተላይት የከፍታ መረጃዎች ዛፍና ጣራን እንደ መሬት ስለሚቆጥሩ በሜትሮች ሊሳሳቱ ይችላሉ። ያ ስሕተት አደገኛውን ሰፈር ደህና አድርጎ ያሳያል።

6. ቃሉን ፈትኑት

በራሪ ወረቀቱን ከማባዛታችሁ በፊት ለአምስት ሰው አንብቡላቸው። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። «ለጎረቤትዎ ቢነግሯት እንዴት ይሏታል?» በሉ። የሚሰጡት መልስ ከጻፋችሁት የተሻለ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ይሆናል) የእነሱን ውሰዱ። «ተጋላጭነት»፣ «የመቋቋም አቅም»፣ «ማላመድ» የሚሉት ቃላት ለሪፖርት ይቆዩ። «ውሃ የሚገባበት ቤት»፣ «ውሃው ከሄደ በኋላ ቶሎ መነሳት»፣ «ቤቱን ከፍ ማድረግ» በቂ ናቸው።

7. የሚናገረው ማን ነው?

በ1970 ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር ዳርቻ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች። ማስጠንቀቂያውን የሚያደርሱት ባንዲራ ሰቅለው፣ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ በር እያንኳኩ ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ከ70,000 በላይ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። መጠለያውና ትንበያውም ስለተሻሻለ የሟቹ ቁጥር እጅግ ወርዷል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። በሩን የሚያንኳኳው የሚታወቅ ፊት መሆን አለበት። ሴቶች ለሴቶች ሲናገሩ ደግሞ ወንድ የማይሰማው ጥያቄ ይነሳል።

ባለሙያው ይቅር ማለቴ አይደለም። ይምጣ፣ ጎን ይቀመጥ፣ ሲጠየቅ ይመልስ።

8. «ምን ላድርግ?» ለሚለው መልስ ሳትይዙ አትሂዱ

አደጋውን ብቻ ነግሮ መሄድ ሰውን ያደነዝዘዋል። ከፍርሃት የተነሳ ጆሮውን ይደፍናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ «ይመጣል» አንድ «እንዲህ ማድረግ ይቻላል» ይኑር።

ዛሬ ማታ፦ ሰነዶችን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ማድረግ፤ መውጫ መንገዱን ማወቅ፤ መራመድ የማይችለውን ጎረቤት ማን እንደሚያወጣ በስም መስማማት። ዘንድሮ፦ ሶኬትና ቆጣሪን ከፍ ማድረግ፤ ቱቦው ውሃ መልሶ እንዳያስገባ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ክዳን መግጠም፤ የጉድጓዱን ጨዋማነት ማስለካት። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ደግሞ አዲስ ቤት የት እንደሚሠራ፣ ማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል የዳርቻ ዛፍ) የት እንደሚተከል፣ ግንብ ይሠራ ወይስ ሰፈሩ ይነሳ የሚለው አለ። ይህኛው ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ በጀት የሚወስነው ሹም ስብሰባው ላይ ይገኝ። የማይገኝ ከሆነ «ማን ይከፍላል?» ሲባል የምትሰጡት መልስ አይኖራችሁም።

9. የሚከብደውን ጥያቄ ስትጠየቁ

አንድ አዛውንት ተነስተው እንዲህ ይላሉ እንበል፦

«ልጄ፣ እኔ እዚህ 70 ዓመት ኖሬአለሁ። ባሕሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። አዲስ ነገር የለም።»

«ልክ ነዎት አባባ፣ ድሮም ይመጣ ነበር። እስቲ ይንገሩኝ፣ ልጅ ሳሉ ውሃው እዚያ መስጊድ ጋ ያለው መንገድ ላይ ይደርስ ነበር?»

«እዚያማ አይደርስም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን... በዓመት ሁለት ሦስቴ።»

እዚህ ላይ ዝም በሉ። መልሱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ደርባችሁ ግራፍ አትጫኑበት።

ሌላው ከባድ ጥያቄ የቤት ዋጋና የመነሳት ጉዳይ ነው። ዌልስ ውስጥ ፌርቦርን የሚባል ትንሽ መንደር አለ። የዳርቻ ዕቅዱ ከ2050ዎቹ አጋማሽ በኋላ መንደሩን ከባሕር መከላከሉ እንደማይቀጥል ገለጸ። ብዙ ነዋሪዎች ጉዳዩን የሰሙት ከመገናኛ ብዙኃን ነው። ወዲያው የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ቤት ለመግዛት ብድር ማግኘት ከበደ። ባሕሩ ገና ሳይመጣ ጉዳቱ ደረሰ። ስለዚህ የአንድን ሰው ቤት የሚመለከት ካርታ በቴሌግራምም ሆነ በጋዜጣ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ ባለቤቱ ይስማ። ፊት ለፊት ይነገረው፤ ሊደረግለት የሚችለው ነገርም አብሮ ይነገረው።

ፊጂ ውስጥ ቩኒዶጎሎዋ የሚባል መንደር ደግሞ በ2014 ወደ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ተሠራ። እንነሳ ብለው መንግሥትን የጠየቁት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ያም ሆኖ የተወለዱበትን ቦታ መተው ቀላል አልሆነላቸውም። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሰው ቢያለቅስ አጀንዳውን ለማስቀጠል አትቸኩሉ። መቃብሩ ምን ይሆናል፣ ጀልባዬን የት አስራለሁ፣ ልጆቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር አብረው ይሰፍራሉ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንድ በአንድ ጻፏቸው። መልስ የሌላችሁን «ጠይቄ እስከዚህ ቀን እመልሳለሁ» በሉ፤ በቀኑም ተመለሱ።

10. ተመልሳችሁ ሂዱ

አንድ ስብሰባ ምንም አያደርግም። የሚቀጥለው ትልቅ የባሕር ሙላት መቼ እንደሆነ ከወደቡ ሠንጠረዥ ላይ ፈልጉ፤ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ይታወቃል። በዚያ ቀን ነዋሪውን ምሰሶው ጋ ጥሩ። ልጆቹም ይምጡ። ውሃው ሲደርስ የደረሰበትን ልክ አብራችሁ አንብቡ፤ ከአምናው ጋር አስተያዩ። ሶኬቱን ከፍ ያደረገ፣ ቱቦው ላይ ክዳን የገጠመ ሰው ካለ እሱ ይናገር። ከዚያ ከልጆቹ አንዱ በማይለቅ ቀለም መስመሩን ያስምር፤ ከሥሩም ቀኑን ይጻፍ።